ግሩፑ ሞልቷል፣ ተጠቃሚ ግን የለም፦ የክሪፕቶ ፕሮጀክት የት ይተዋወቅ? ችግርና መፍትሄ

የሚሠራ ምርት፣ የተመረመረ ኮንትራክት (ብሎክቼይን ላይ የሚሠራው ኮድ) እና ሰው ሊያነበው የሚችል ዋይትፔፐር (ፕሮጀክቱን የሚያብራራ ሰነድ) እንዳላችሁ ቆጥረን ነው የምንጀምረው። እነዚህ ከሌሉ ችግሩ የማስታወቂያ ቦታ ስላልሆነ ከታች ያለው ሁሉ አይጠቅማችሁም።

ምልክት 1፦ ግሩፑ ውስጥ 20,000 አባል አለ፤ ቶከኑ (የፕሮጀክቱ ዲጂታል ገንዘብ) በተከፋፈለ ማግስት ሁሉም ሸጦ ወጣ

ከአሥር ፕሮጀክት ስምንቱ የሚመጣው ይህንን ይዞ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግሩፑ ቀኑን ሙሉ አይተኛም። መልእክቶቹን ግን ቁጭ ብላችሁ አንብቧቸው፦ «ምርጥ ፕሮጀክት»፣ «ሊስቲንግ መቼ ነው?» (ቶከኑ ለገበያ የሚቀርበው)፣ «ስናፕሹት ተነሳ እንዴ?» (ድርሻ የሚደርሰው ማን እንደሆነ ተመዘገበ ወይ)፣ «ዋሌት አድራሻ የት ነው የሚሞላው?»። ምርቱን ሞክሮ «እዚህ ጋ አልሠራልኝም» ያለ አንድ ሰው የለም።

ምክንያቱ ቦታው በአባል ብዛት መመረጡ ነው። ባውንቲ (ለማስተዋወቅ ሥራ የሚሰጥ ክፍያ) እና ኤርድሮፕ (በነፃ የሚታደል ቶከን) የሚለቀምባቸው ግሩፖች ውስጥ ያለ ሰው ሥራው መልቀም ነው። አንዱ ሰው አሥር አካውንትና አሥር ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ይዞ ይገባል፣ የተባለውን ይፈጽማል፣ ድርሻውን ይቀበላል፣ ይሸጣል። በእሱ መናደድ ትርጉም የለውም፤ «ጓደኛ ጋብዝ፣ ቶከን ውሰድ» ብላችሁ የጠራችሁት እናንተ ናችሁ።

ትልልቆቹም አልዳኑም። ስክሪን በመንካት የሚጫወቱት የቴሌግራም ጨዋታ ሃምስተር ኮምባት እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለኝ ይል ነበር። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ በአውራ ጣቱ ስክሪን የማይደበድብ ተሳፋሪ ማግኘት ይቸግር ነበር። ሴፕቴምበር 26 ቀን ቶከኑ ሲከፋፈል ብቁ የተባሉት 131 ሚሊዮን አካባቢ ሆኑ፤ ድርሻው ያነሰበት ብዙ ሰው ያገኘውን ሸጦ ጨዋታውን ከስልኩ አጠፋ። በዚያው ዓመት ሜይ ወር ብሎክቼይኖችን የሚያገናኘው ላየርዜሮ ብዙ ዋሌት የከፈቱትን «ራሳችሁን አጋልጡና ከድርሻችሁ 15 በመቶውን እንሰጣችኋለን» እስከማለት ደርሷል። የመከታተያ አቅም ያለው ቡድን እዚህ ከደረሰ፣ ሦስት ሰው ያለው ፕሮጀክት በጎግል ፎርም ለቃሚን እለያለሁ ብሎ ባይደክም ይሻለዋል።

መፍትሄው ከመክፈል በፊት ቦታውን መመርመር ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን 200 መልእክቶች አንብቡ። ሦስት ነገር ብቻ ቁጠሩ፦ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ የጠየቀ፣ ስለ ብልሽት ያማረረ፣ ሌላውን አባል የረዳ። ሦስቱ ተደምረው 20 ካልሞሉ ቦታው ለእናንተ አይሆንም። ቅሬታ ስታዩ አትሽሹ፤ የሚያማርር ሰው ምርት የሚጠቀም ሰው ነው።

ቀጥሎ የቴሌግራም ቻናል ከሆነ ዕይታውን ተከታተሉ። አንድ ፖስት እንደወጣ በየሰዓቱ ቁጥሩን ጻፉ። ሰው የሚያየው ፖስት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቶሎ ይወጣና እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በቦት የተገዛ ዕይታ ግን ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን በእኩል ፍጥነት ይጨምራል፣ ከዚያ ክብ ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። 30,000 ተከታይ ያለው ቻናል ፖስቱ በ24 ሰዓት ውስጥ 600 ጊዜ ብቻ ከታየ፣ ተከታዩ ወይ ተገዝቷል ወይ ድምፁን ዘግቶ ረስቶታል። ለእናንተ ሁለቱም አንድ ነው።

የቻናሉን ስታቲስቲክስ ስትጠይቁ ስክሪንሾት አትቀበሉ። በፎቶ ማስተካከያ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። አድሚኑ ስክሪኑን ቪዲዮ እየቀረጸ ከላይ እስከ ታች ያሳያችሁ፤ በተለይ የተከታዮቹ ቋንቋ፣ ዕይታው ከየት እንደመጣ፣ ስንቱ ኖቲፊኬሽን እንደዘጋ። እምቢ ካለ ጨረታው አልቋል።

ከዚያ በትንሹ ሞክሩ። በግሩፓችሁ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቻናል የራሱ ስም ያለው የመጋበዣ ሊንክ ክፈቱ፤ ቴሌግራም በየትኛው ሊንክ ስንት ሰው እንደገባ ይቆጥርላችኋል። ለሁሉም ቻናል አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ በአንድ ዓይነት ውል፦ 1 ሰዓት ከላይ ቆይቶ ለ24 ሰዓት የማይሰረዝ። ውጤቱን በማግስቱ አትለኩ። በሰባተኛው ቀን ስንቱ አልወጣም፣ ስንቱስ ምርቱን ከፍቶ አንድ ነገር ሠራበት? ሁለተኛው ቁጥር ዜሮ ከሆነ ለዚያ ቻናል ዳግም አትክፈሉ፣ ባለቤቱ የፈለገውን ቅናሽ ቢያደርግም።

ሽልማት መስጠት የግድ ከሆነ ለመግባትና ለመጋበዝ ሳይሆን ለተጠቀመ ስጡ፣ እሱንም በአንድ ቀን አትልቀቁት።

ማስጠንቀቂያ፦ «10,000 እውነተኛ አባል» የሚል ፓኬጅ አትግዙ። በርካሽም አትግዙ። «ለመነሻ ያህል ብቻ» ብላችሁም አትግዙ። ከወር በኋላ የአባላቱን ዝርዝር ስትከፍቱ ግማሹ «የተሰረዘ አካውንት» ይላል፤ በዚያ ላይ ሊገባ የመጣው እውነተኛ ሰው 10,000 አባልና ሁለት መልእክት ሲያይ ስካም ነው ብሎ ይመለሳል። ሻጮቹ ይህን ያውቁታል።

ታዲያ የት? ምርቱ የሚፈታው ችግር በየቀኑ የሚወራበት ቦታ። የገንቢዎች መሣሪያ ከሆነ የሠራችሁበት ብሎክቼይን የራሱ የገንቢዎች ዲስኮርድ ይበቃል፤ እዚያ 40 ሰው ማግኘት የኤርድሮፕ ቻናል ላይ 40,000 ከማግኘት ይሻላል። ዋሌት ከሆነ ሰው «ገንዘቤ አልደረሰም» እያለ የሚጠይቅባቸው የድጋፍ ግሩፖች ናቸው፤ ግን እዚያ መጀመሪያ መልስ ስጡ፣ ሊንኩ በኋላ ይደርሳል።

ምልክት 2፦ ቢትኮይንቶክ (የክሪፕቶ የውይይት ፎረም) ላይ የለጠፋችሁት ተዛወረ፣ ተሰረዘ ወይም ቀይ ምልክት ተለጠፈበት

መዛወሩ ቀላል ነው፤ የተሳሳተ ክፍል ውስጥ ነው የለጠፋችሁት። ከቢትኮይን ውጪ ያለ ፕሮጀክት የሚገባው የአልትኮይን ማስታወቂያዎች ክፍል ነው፣ ባውንቲውም የራሱ ክፍል አለው። ለአንድ ፕሮጀክት አንድ ርዕስ ብቻ። ወደ ላይ ማንሳት በ24 ሰዓት አንዴ ነው፣ የቀድሞው ማንሻ መልእክት መሰረዝ አለበት። አዲስ አካውንት ፎቶ ለጥፎ ባዶ ሊንክ ብቻ ቢታይበት ብልሽት አይደለም፤ ደረጃው ስላልፈቀደ ነው።

ቀዩ የማስጠንቀቂያ ምልክት ግን ይከብዳል። ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ደረጃ የሚያድገው ሌሎች አባላት በሚሰጡት ሜሪት (የአድናቆት ነጥብ) ስለሆነ «ደረጃ ያለው አካውንት እንሸጣለን» የሚሉ በዝተዋል። ነባሮቹ የጽሑፍ አጣጣል ሲቀየር ወዲያው ይነቃሉ፣ የተገዛ አካውንት ላይ አሉታዊ ምዘና ይለጥፋሉ፣ ያ ምዘና ከፕሮጀክቱ ስም ጋር ይቀራል። ከሌላ ዋይትፔፐር የተገለበጠ አንቀጽ ደግሞ ለዘለቄታው ያሳግዳል። በራሳችሁ ስም፣ በአዲስ አካውንት ግቡ።

ምልክት 3፦ ሬዲት ላይ ለጥፋችኋል፣ ለእናንተ ይታያል፣ አንድም ሰው አልመለሰም

ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ በሌላ ብራውዘር ክፈቱት። ፖስቱ ብቻ ከጠፋ አውቶሞደሬተሩ (ደንብ የሚያስከብረው ቦት) በአካውንቱ ዕድሜ ወይም በካርማ (የሬዲት ነጥብ) ማነስ አውጥቶታል። የፕሮፋይል ገጻችሁ ጭራሽ ከሌለ አካውንቱ በስውር ታግዷል፤ ይግባኝ ከመጠየቅ ውጪ መንገድ የለም። ሌላ አካውንት ከፍቶ ያንኑ ሊንክ መድገም የድረ ገጻችሁን አድራሻ ራሱን በስፓም ዝርዝር ውስጥ ያስመዘግባል።

የየሰብሬዲቱን (የሬዲት የውይይት ክፍል) ደንብ አንብቡ። የቢትኮይን ሰብሬዲት ስለ ሌላ ኮይን ማስተዋወቅ አይፈቅድም። «ክሪፕቶከረንሲ» የሚባለው ትልቁ ደግሞ ለፖስት ሙን የሚባል ቶከን የሚከፍልበት ዘመን ነበረው፤ ሬዲት በኦክቶበር 2023 ፕሮግራሙን እንደሚያቆም ሲናገር ዋጋው በሰዓታት ውስጥ ተናደ። ለመጻፍ የሚከፈልበት ቦታ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚያበቅል ለማየት የዚያን ጊዜ ፖስቶች ማንበብ በቂ ነው።

ምልክት 4፦ ጠበቃ ደብዳቤ ጻፈ፣ ወይም አድሚኑ «ከሕግ ጋር አታጋጩኝ» ብሎ አወጣችሁ

የአማርኛ ግሩፕ የአንድ አገር ግሩፕ አይደለም። አዲስ አበባ፣ ዲሲ፣ ለንደን፣ ዱባይና ቴል አቪቭ ያለው ሰው አንዱን ፖስት ያነባል። እንግሊዝ ከኦክቶበር 8 ቀን 2023 ጀምሮ ነዋሪዎቿ ላይ የሚደርስ የክሪፕቶ ማስታወቂያን፣ ከውጭ አገር የተላከውንም ጨምሮ፣ በሕግ ደንብ ሥር አስገብታለች፤ «ጓደኛ ጋብዝ» ጉርሻ ተከልክሏል፣ ጥሰቱም እስር አለው። አሜሪካ ውስጥ እንደ ኢንቨስትመንት ሰነድ የሚቆጠር ቶከን ተከፍሎት ያስተዋወቀ ሰው መከፈሉንና የተከፈለውን መጠን መግለጽ አለበት፤ ኪም ካርዳሺያን ለአንድ የኢንስታግራም ፖስት የተከፈላትን 250,000 ዶላር ሳትገልጽ በመቅረቷ በኦክቶበር 2022 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በዚያው ዓመት በክሪፕቶ መክፈልና መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ስለዚህ «በብር ግዙ» የሚል መስመር አማርኛ ፖስት ውስጥ አይግባ፤ የተከፈለበት ፖስት ሁሉ «የተከፈለበት ማስታወቂያ» ይበል።

ምልክት 5፦ አባላት «አድሚናችሁ ዘረፈን» ይላሉ

የዘረፈው ስማችሁንና ፎቶአችሁን የገለበጠ ሰው ነው። ከ100 በላይ አባል ያለው ግሩፕ የአባላትን ዝርዝር መደበቅ ይችላል፤ ደብቁት። «አድሚን ቀድሞ በውስጥ አይጽፍም፣ የዋሌት መክፈቻ የሆኑትን 12 ወይም 24 ቃላት ማንም አይጠይቅም» የሚለውን ከላይ ስቀሉት። የምታስተዋውቁበት ግሩፕ ይህን ካላደረገ እዚያ ሰው አትጥሩ።

ምልክት 6፦ ለጥያቄና መልሱ ማንም አልመጣም

ሰዓቱ ነው። «3 ፒኤም ዩቲሲ» (የዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ብላችሁ ስትጽፉ አዲስ አበባ ያለው ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ገብቶ ባዶ ግሩፕ አይቶ ይወጣል። በበጋው የአሜሪካ ሰዓት «ምሽት 12 ሰዓት በኢትዮጵያ፣ ከረፋዱ 11 ሰዓት በዋሽንግተን፣ ምሽት 7 ሰዓት በዱባይ አቆጣጠር» ብላችሁ ጻፉ፤ አሜሪካኖቹ በኖቬምበር ሰዓት ሲቀይሩ የዋሽንግተኑን ወደ 10 አስተካክሉ።