የከተር መቆለፊያ ሲከዳ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ጥገናው

ከተር ሰው የሚያቆስለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጫን ብለው ሲቆርጡበት ምላጩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ነው፤ የተጫነው እጅ ሚዛኑን ይስትና ማስመሪያ በያዘው እጅ ላይ ይሄዳል። ሁለተኛው ማንም ሳይፈልገው ምላጩ ከእጀታው ብቅ ሲል ነው፤ በኪስ፣ በመሣሪያ ሳጥን፣ ልጅ በሚደርስበት መሳቢያ ውስጥ። ገበያ ላይ «ሎክ አለው» ተብሎ የሚሸጠው ተራ ከተር የሚከላከለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። መግፊያውን ጠንከር አድርጎ የገፋ ነገር ሁሉ፣ የበር ቁልፍም ይሁን ሳንቲም፣ ምላጩን ያስወጣዋል። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ደህናውን ከተር «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥላል፣ የተበላሸውን ደግሞ በኪሱ ይዞ ይዞራል።

ምላጩ በትክክል መግባቱን፣ ጅራቱ ላይ ያለው ቀዳዳ በመያዣው ጉጥ ላይ መቀመጡን አይታችኋል ብለን እንጀምር።

ምልክት፦ «ጠቅ» ማለቱ ደከመ፣ ጫን ሲባል ምላጩ ይሸሻል

ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው። ሰው ሁሉ በእጁ የያዘው፣ ወርዱ 18 ሚሊ የሆነ ተሰባሪ ምላጭ ባለው ከተር ላይ፤ ተሰባሪ ማለት በመስመሮች በክፋይ የተከፋፈለ፣ የደነዘዘው ክፋይ ተሰብሮ የሚጣልለት ምላጭ ነው።

ከመግፊያው ሥር አንዲት ቀጭን የሞላ ምላስ አለች። ምላጩ በሚሄድበት የብረት ቦይ ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥርሶች ተደርድረዋል። መግፊያው በተገፋ ቁጥር ምላሷ ከአንዱ ጉድጓድ ወጥታ በሚቀጥለው ትወድቃለች፤ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ የዚህ አወዳደቅ ነው። ጫፏ ጉድጓዱ ታች ድረስ ከወረደ ምላጩ አይነቃነቅም። ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረች ግን በጥርሱ ትከሻ ላይ ብቻ ትደገፋለች። በባዶው ሲሞክሩት የያዘ ይመስላል፤ ወፍራም ካርቶን ሲነካ ይሸሻል።

ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት አድምጡ። መግፊያውን ከኋላ እስከ ፊት ቀስ ብላችሁ ግፉ። ደረቅና አጭር ድምፅ ጤና ነው። የታፈነ፣ ጥጥ ላይ እንደወደቀ ያለ ድምፅ ጥርሶቹ መካከል ቆሻሻ አለ ማለት ነው። አብዛኛው ቦታ ላይ በደንብ እየጮኸ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ዝም የሚል ከሆነ እዚያ ያሉት ጥርሶች ተበልተዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ምንም ድምፅ ሳይኖር እንደ ቅቤ የሚንሸራተት ከሆነ ምላሷ ተኝታለች፣ ወይም ተሰብራለች።

ቆሻሻው ከየት እንደመጣ ማወቅ አጸዳዱን ይወስናል። ጂፕሰም ቦርድ የሚቆርጥ ሰው ከተር ውስጥ ነጭ ብናኝ ከእጅ ላብ ጋር ይጋገራል፤ ይህ በውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ካርቶን የሚከፍት ሰው ከተር ውስጥ የፕላስተር ሙጫና የካርቶን ጭረት ተቦክቶ እንደ ማስቲካ ያለ ጥቁር ነገር ይሠራል፤ ለዚህ ውኃ ምንም አያደርግም፣ የሕክምና አልኮል ወይም በጨርቅ ጫፍ የተነከረ ጥቂት ቤንዚን ያስፈልጋል። ጫማና ቆዳ ሥራ ላይ ያለው ማስቲሽ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ጥርሱ ውስጥ ይደርቃል። ማስቲሽ ለማስለቀቅ ሙሉ ከተሩን ቲነር ውስጥ የሚዘፈዝፉ አሉ። አታድርጉት። ቲነር የፕላስቲኩን እጀታ ያቀልጣል፣ የቀለጠው ፕላስቲክ ቦዩን ይይዘዋል፣ ከተሩም ያበቃለታል። ቤንዚንም ሆነ ቲነር ከሰል ወይም ምድጃ ባለበት ክፍል አይከፈትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የኋላውን ክዳን አውጡ፣ መግፊያውን ከነምላጩ በኋላ በኩል ሳቡ፣ ምላጩን ከጉጡ አላቃችሁ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡት። ጠረጴዛው ላይ፣ ጋዜጣ ሥር አታኑሩት፤ በጽዳት መሀል እጅ የሚቆረጠው እዚያ ነው። ቦዩን በስልክ መብራት እያያችሁ እያንዳንዱን ጉድጓድ በስቴኪኒ ጫፍ ፈልቅቁ። ብረት መርፌ አትጠቀሙ፣ የርካሽ ላሜራን ጥርስ ይጭራል። በብሩሽ ጨርሱ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ውኃ ከነካው ፀሐይ ላይ አስጡት። ምላሷንም ከመግፊያው ሥር አጽዱ፤ ብዙ ሰው ቦዩን አንጽቶ ሙጫው የተለጠፈባትን ምላስ ረስቶ ይገጥማል፣ ችግሩም እንደነበረ ይመለሳል።

አሁን ዘይት። የስፌት ማሽን ዘይት ጠብ ማድረግ ሁሉም ሰው የሚሞክረው መጥፎ መፍትሔ ነው። ለሁለት ቀን መግፊያው ይላላል፣ ሰውየውም ደስ ይለዋል። ከዚያ ዘይቱ ብናኙን ሁሉ ይሰበስብና ከበፊቱ የባሰ ጭቃ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምላሷ ጥርሱን ይዛ እንድትቆም የሚያግዛትን ሰበቃ ያጠፋል፤ ልክ ጫን ሲባል የምትዘለው ለዚህ ነው። መግፊያው ከጽዳት በኋላም ከከበደ የእርሳስ ጫፍ ሞርዳችሁ ደረቁን ጥቁር ዱቄት ቦዩ ውስጥ በትኑ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ግፉ፣ ትርፉን እፍ በሉት። አዲስ ምላጭም ከፋብሪካ እንዳይዝግ ቀጭን ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣ ከመግባቱ በፊት ከጀርባው ወደ ስለቱ በጨርቅ ይጠረግ።

ጽዳቱ ድምፁን ካልመለሰው ምላሷን ፈትሹ። በጥፍር ጫን አድርጋችሁ ልቀቋት። ወደ ቦታዋ ተስፈንጥራ ከተመለሰች እውነተኛ ሞላ ናት፤ በትንሽ ፒንሳ ከሥሯ ይዛችሁ ግማሽ ሚሊ ያህል ወደ ላይ አንሷት፣ ገጥማችሁ ሞክሩ፣ ካልበቃ ጥቂት ጨምሩ። ጫፏን አትጠምዝዙ፣ ጫፉ ነው ጥርስ የሚይዘው። ተጭናችሁ ስትለቋት እዚያው ተኝታ ከቀረች ግን ሞላ ሳትሆን ተራ ላሜራ ናት። ብታነሷትም በሳምንት ውስጥ ተመልሳ ትተኛለች። እንዲህ ያለውን ከተር ሠርቶ «ሎክ አለው» ብሎ መሸጥ ሰውን ማታለል ነው። ምላሷ ከፕላስቲክ የተሠራችበትም አለ፤ እሱን ለወረቀት እንኳ አትመኑት።

ቀጥሎ ቦዩ ራሱ። ምላጩን አምስት ስድስት ክፋይ አውጥቶ ወደ ጎን እየጠመዘዘ የሚቆርጥ ሰው የቦዩን ከንፈሮች ይከፍታቸዋል። የተከፈተ ቦይ የሚያሳስተው ቀጥ ብሎ ሲገፋ ስለሚይዝ ነው፤ ጠመም ሲል ብቻ ምላጩ ተነስቶ ምላሷ ከጥርሷ ትወጣለች። በጂፕሰም ሥራ ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ይህ ነው፦ ጠዋት አንዱ ጠምዝዞ ይከፍተዋል፣ ከሰዓት ሌላው ያንኑ ከተር አንስቶ ይቆስላል። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ምላጩን ሁለት ክፋይ አውጡ፣ ጀርባውን በጣት ወደ ጎን ነቅንቁ። በግልጽ የሚወዛወዝ ከሆነ ቦዩ ውስጥ 0.5 ሚሊ ውፍረት ያለው የላሜራ ቁራጭ አስገቡና ከንፈሮቹን በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቂት በጥቂት ጭመቁ፤ ላሜራው ሳይጣበቅ መንሸራተት አለበት። ለመለኪያ ምላጩን ራሱን አታስገቡ፣ ጨምቃችሁ ትሰብሩታላችሁ።

ቦዩ ደህና ሆኖ ከተወዛወዘ ጥፋቱ የምላጩ ነው። ተሰባሪ ምላጭን እ.ኤ.አ. በ1956 በኦሳካ የፈጠረው ጃፓናዊው ዮሺዮ ኦካዳ ነው፤ በኋላ ኦልፋ የሆነው ድርጅት ከዚያ መጣ። የእነሱ ልክ ዛሬ የሁሉም ልክ ሆኗል ማለት ይቻላል፦ የ9 ሚሊው 0.38፣ የ18 ሚሊው 0.5፣ የ25 ሚሊው 0.7 ሚሊ ውፍረት አላቸው። በርካሽ ፓኮ የሚሸጡት ግን ወርዳቸው 18 ሆኖ ውፍረታቸው 0.4 የሆኑ አሉ። ካሊፐር ያለው ይለካ፤ የሌለው ከታመነ ምላጭ ጋር ደርቦ በጥፍሩ ይሞክር። ስስ ምላጭ በጤነኛ ቦይ ውስጥም ይንሸራሸራል፣ ሲጫኑት ይጎብጣል፣ መስመሩ ላይ ሳይጠበቅ ይሰበርና ቁራጩ ወደ ፊት ይወረወራል። በርካሽ ምላጭ ያለ መከላከያ መነጽር አትሥሩ።

ጠግናችሁ ስትጨርሱ በዚህ ፈትኑት፦ አንድ ክፋይ ብቻ አውጡ፣ አውራ ጣታችሁን ከመግፊያው ላይ አንሱ፣ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ጣውላ አስቀምጣችሁ ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ 3 ኪሎ እስኪል ተጫኑ። አንድ ጥርስ እንኳ ወደ ኋላ ከዘለለ አልተጠገነም። ሌላ እጃችሁ ከጣውላው አጠገብ አይሁን።

ምልክት፦ ኪስ ውስጥ ወይም ሲነቀነቅ ብቅ ይላል

መግፊያውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳቡና አድምጡ። እዚያም የራሱ «ጠቅ» ሊኖረው ይገባል። አንዳንዱ ርካሽ ከተር የመጨረሻው ማረፊያ ላይ ጥርስ የለውም፤ ምላጩ የሚቆመው በሰበቃ ብቻ ነው። አፍንጫውን ወደ ታች አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አሥር ጊዜ አንኳኩ፤ ጫፉ ከታየ ጥገና የለውም፣ ጣሉት።

ማረፊያው ደህና ሆኖ ጫፉ ሁለት ሚሊ ያህል ውጭ ከቀረ የኋላውን ክዳን ክፈቱ። ከመግፊያው ኋላ የተሰበረ የምላጭ ቁራጭ ወይም የተጋገረ ብናኝ ተወትፎ ይሆናል። ገልብጣችሁ አራግፉት፤ ጣት አታስገቡ።

ሁሉም ደህና ሆኖ በኪስ የሚወጣ ከሆነ ከተሩ አልተበላሸም። በኪስ መያዙ ነው ስህተቱ። ቀበቶ ላይ የሚገባ ማኅደር ግዙ፣ ወይም መግፊያው ተለቅቆ ሲቀር ራሱ የሚመለሰውን ዓይነት ያዙ። መግፊያውን በፕላስተር ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ ሙጫው ቀልጦ ጥርሱ ውስጥ ይገባና ከላይ ወደተጻፈው ብልሽት ይመልሳችኋል።

ምልክት፦ በክብ ቁልፍ የሚጠብቀው ከተር ይላላል

በጣት የሚዞር ክብ ቁልፍ ያለው ከተር ለከባድ ሥራ ከምላሱ የተሻለ ይይዛል። ነገር ግን ከላላ ምንም መከላከያ የለውም፤ ምላጩ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል። የቁልፉ ጥርስ የሚበላው በፒንሳ ስለሚያጠብቁት ነው። በጣት ብቻ ይጥበቅ። በጣት ጠብቆ ከተንሸራተተ ምላጩና ቦዩ ላይ ያለውን ዘይት በአልኮል ጥረጉ፤ አሁንም ከተንሸራተተ ጥርሱ አልቋል።

ምልክት፦ ራሱ የሚመለሰው ምላጭ ውጭ ቀረ ወይም እየጎተተ ይመለሳል

ይህ በአብዛኛው ባለ አራት ማዕዘን አጭር ምላጭ ያለው፣ በመጋዘን ሥራ የሚሰጠው ነው። በውጭ አገር መጋዘን የምትሠሩ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ የእጀታውን ብሎን በካቻቪቴ ሩብ ዙር አላሉት። ምላጭ የቀየረ ሰው ብሎኑን አጥብቆ ሁለቱን ግማሽ እጀታ ያጣብቃቸውና የምላጩ መያዣ መሀል ላይ ይቀረቀራል። ብዙ ጊዜ ጥገናው እዚህ ያበቃል። ካላበቃ ክፈቱት፤ በምትከፍቱበት ጊዜ ሞላው እንዳይወረወር በጨርቅ ሸፍኑ። የፕላስተር ሙጫ ካለ አጽዱ፣ ሞላው ከመስቀያው ወጥቶ እንደሆነ መልሱት፣ ተለጥጦ ከሆነ ቀይሩት። ሞላ ቆርጦ ማሳጠር አይሠራም፤ መግፊያው ይከብዳል፣ ሰውም በፕላስተር ያስረዋል።

ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ግን ለዩ። እንደ ጀርመኑ ማርቶር ባሉ ሠሪዎች ዘንድ በአንዱ ዓይነት ምላጩ ካርቶኑን ከነከሰ በኋላ አውራ ጣት ከመግፊያው መነሳት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ምላጩን የሚይዘው የካርቶኑ ጫና ነው፣ ሲወጣ ይመለሳል። ጣቱን እስከ መጨረሻው የተጫነ ሰው መከላከያውን ራሱ አጥፍቶታል። «አልተመለሰም» ብሎ የሚያማርረው አብዛኛው ሰው እንዲህ ነው የሚይዘው። ሁለተኛው ዓይነት ጣት ቢጫንም ይመለሳል፤ ይህ ከከሸፈ ውስጡ ተሰብሯል፣ አይጠገንም።

ሌሎቹ

ተጣጣፊ ከተር ሲከፈት የሚደግፈው የጎን ላሜራ ሥር የጨርቅ ብናኝ ከገባ አይይዝም፤ በስቴኪኒ አውጡት። የሴራሚክ ምላጭ ወድቆ ጫፉ ከተሰበረ ይቀየራል፣ በሞረድ አይሳልም።

የማይጠገነውን ስትጥሉ ምላጩን አውጥታችሁ በፕላስተር ጠቅልላችሁ በክዳን ጣሳ ውስጥ አኑሩ፣ ከዚያ መግፊያውን በፒንሳ ስበሩት። ከቆሻሻ ገንዳ አንስቶ አዲስ ምላጭ የሚያስገባበት ሰው አይጠፋም።