ዳገት የሚያንሸራትታት፣ ኮብልስቶን የሚያንኳኳት መኪና፦ ችግሩና መፍትሄው በትንሽ ወጪ

እንደ ቪትዝና ያሪስ ያሉ የከተማችን ትንንሽ መኪናዎች የሚጎትቱት በፊት ጎማቸው ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች መኪናዋን ይስባሉ፣ አቅጣጫ ይይዛሉ፣ ከፍሬኑም ሥራ አብዛኛውን ይሸከማሉ። ብዙ ሰው መኪናው ሲያስቸግረው ሞላ ወደ ማስነሳት (መኪናዋን ከፍ ወደ ማድረግ) ወይም ቸርኬ ወደ መቀየር ይሮጣል። እኔ ግን ከመሬት ወደ ላይ ሂዱ እላለሁ። መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ጎሚኒ (በብረቶቹ መገጣጠሚያ የሚገባው ላስቲክ) እና ሊንክ (ትንሿ ማያያዣ ዘንግ)፣ ከዚያ አሞርዛተር (የሞላውን መዝለል የሚያበርደው)። ርካሹ ሥራ ብዙ ጊዜ ትልቁን ለውጥ ያመጣል።

ዝናብ ሲጥል ዳገት ላይ ጎማዋ በባዶ ይሽከረከራል

ዳገት ላይ የመኪናዋ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል። የሚጎትተው ደግሞ የፊቱ ነው፣ እሱ ይቀልላል። ከኋላ ሦስት ሰው ተቀምጦ ዕቃ መጫኛውም ከሞላ ይብስበታል። "ከኋላ አሸዋ ጫን" የሚለው ምክር በኋላ ጎማቸው ለሚገፉ መኪናዎች ነው። እዚህ ይጎዳል። ከባድ ዕቃ ካላችሁ ወደ ፊት አምጡት።

ቀጥሎ የጎማውን ንፋስ ለኩ። ትክክለኛው ልክ የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ጽሑፍ ላይ አለ። ለብዙዎቹ ትንንሽ መኪናዎች 32 ወይም 33 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ ነው። ጎሚስታው በልማድ 40 ከሞላው ጎማው መሬቱን የሚይዘው በመሃሉ ብቻ ይሆናል። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። ለመቆንጠጥ ብሎ ከልኩ በታች ማውረድም አይሆንም፣ አስፋልት ላይ ጎማው ይግላል፣ ጎኑም ይጎዳል።

ንፋሱ ልክ ሆኖ አሁንም ካንሸራተተ የጎማውን ዕድሜ እዩ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት ጀምሮ ረጅም ቁጥር አለ። መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2319 ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። ያገለገለ ጎማ ሻጭ "ጥርሱ ገና ነው" ይላችኋል። ጥርሱ ቢኖርም ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ የደረቀ ጎማ እርጥብ አስፋልት አይቆነጥጥም። አሥር ዓመት የሞላውን ምንም ቢያምር አትግዙ። በጥርሱ መሃል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ እኩል ከሆኑ ደግሞ የቀረው 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለክረምት ግን 3 ሚሊሜትር ሲደርስ መቀየር ይሻላል።

ገንዘቡ ለሁለት ጎማ ብቻ ከበቃስ? እዚህ ላይ ከብዙ ጎሚስታ ጋር አልስማማም። አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። የፊቱ ሲያንሸራትት መሪው ላይ ይሰማችኋል፣ ነዳጁን ስትለቁ መልሶ ይይዛል። ዝናብ ላይ ኩርባ ስትይዙ የኋላው ካመለጠ ግን መኪናዋ ትዞራለች፣ ያንን መመለስ የሚችል ሾፌር ጥቂት ነው። ከፊት የሚሄዱት አሮጌዎችም ቢሆኑ በጥርስም በዕድሜም ከላይ የተባለውን ልክ ያሟሉ። አራቱንም አንድ ላይ ከገዛችሁ ግን በየ10,000 ኪሎሜትሩ የፊቱንና የኋላውን አቀያይሩ። አራቱም እኩል ያልቃሉ።

አነዳዱም ይረዳል። ዳገቱ መሃል እንዳትቆሙ ከታች ክፍተት ጠብቁ። ማንዋል ከሆነ በሁለተኛ ማርሽ በቀስታ ተነሱ። ጭቃ ውስጥ ገብታችሁ መኪናዋ ነዳጅ እየቆረጠች እምቢ ካለች የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን ቁልፍ ለጊዜው አጥፉት። ጭር ያለ አጭር የጭቃ ዳገት ላይ ሁሉም እምቢ ካለ መኪናዋን አዙራችሁ በሪቨርስ ማርሽ ውጡ፣ ያኔ ክብደቱ በሚጎትተው ጎማ ላይ ያርፋል።

ኮብልስቶን ላይ ኳ ኳ ትላለች

ጋራዥ ስትገቡ "የፊት እግሩ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል የሚያያይዙት ዕቃዎች) በሙሉ ይቀየር" ከመባሉ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ለዩ። በዝግታ ስትሄዱ በትንንሽ ጉብታ ሁሉ የሚንኳኳ አብዛኛውን ጊዜ የስታብላይዘር ሊንክ ነው። ከእግር ዕቃ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። መካኒኩ ሁለቱንም ሊንክ ፈትቶ በቅርብ በዝግታ ይንዳት። ድምፁ ከጠፋ ተገኘ። ፍሬን ስትይዙና ስትነሱ አንድ ጊዜ "ጓ" የሚል ከሆነ የብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል የሚያያይዘው የብረት ክንድ) ጎሚኒ ነው። ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ የሚያጓራ ከሆነ የአሞርዛተሩን የላይኛ መቀመጫ አሳዩ። ቦልጆይንት ወይም ቴስቲና (ጎማውን ከብራቾውና ከመሪው የሚያገናኙት መገጣጠሚያዎች) ላልቶ ከተገኘ ግን ነገ አትበሉ፣ ጎማው ሊታጠፍ ይችላል።

ጎሚኒ ስታስቀይሩ አንድ ነገር በትህትና ጠይቁ። የብራቾው ብሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ከጠበቀ ስትወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ አዲሱም ቶሎ ይቀደዳል። ይህ ምንም ብር አይጠይቅም።

ትዋዥቃለች፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋን ትደፋለች

አሞርዛተር ነው። የመኪናዋን ጥግ ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁ፣ ደጋግማ ከዘለለች አልቋል። ዘንጉ ዘይት ካፈሰሰም እንዲሁ። ሁልጊዜ ግራና ቀኙን ጥንድ አድርጋችሁ ቀይሩ። ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና ዕቃ ንግዱ የሚታወቀው ሰፈር) ሄዳችሁ ብራቾ ወይም ሞላ ያገለገለ ብትገዙ እረዳለሁ፣ አሞርዛተርን ግን አዲስ ግዙ፣ የቀረውን ዕድሜ በዓይን ማወቅ አይቻልም። ደግሞ ያለ ሞላ መጭመቂያ፣ በሽቦ አስሮ የሚፈታ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት። ሞላው ቢያመልጥ ሰው ይገድላል።

ወደ አንድ ጎን ትስባለች

ንፋሱ እኩል ከሆነ የፊት ግራና ቀኙን ጎማ አቀያይሩ፣ ጎማው ላይ የአቅጣጫ ቀስት ከሌለው። መሳቡ ጎኑን ከቀየረ ችግሩ ጎማው ነው። ካልቀየረ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ማዕዘን ማስተካከል) አሠሩ። የላላ ዕቃ እያለ ግን አላይመንት ብሩን መጣል ነው፣ መጀመሪያ ዕቃው ይቀየር።

ካስነሳኋት ወዲህ መሪ ሳዞር ቀጭ ቀጭ ትላለች

መኪና ማስነሳት ከሆድ መምታት ያድናል፣ ያንን አልክድም። ግን ሴሚያሱ (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) ተጣምሞ ይሠራል። የሴሚያሱ የላስቲክ ሽፋን ሲቀደድ ግራሶው ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ ከዚያ ቀጭታው ይጀምራል። ድምፁ ሳይመጣ ሽፋኑ ብቻ ከተቀየረ ወጪው ትንሽ ነው። ጎማው ውስጠኛ በኩል ዘይት የተረጨ መስሎ ካያችሁ በዚያው ሳምንት አሳዩት። የግድ ማስነሳት ካለባችሁ ከሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር አትለፉ፣ ከጋራዡም በቀጥታ ወደ አላይመንት ውሰዷት።