ውቢቷ ባሕር ዳር በእንግሊዝኛ ስትጻፍ፦ የቅጽልና የተጸውዖ ስም ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ለአስጎብኚዎች፣ ለሆቴሎች፣ ለነፃ ትምህርት አመልካቾችና ለጋዜጠኞች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳርም ቀዩን እስክሪብቶ ቶሎ የሚጨርስብኝ ስህተት ቅጽል ከሰው ወይም ከቦታ ስም ፊት ሲቀመጥ የሚፈጠረው ነው። ቅጽል ከስም እንደሚቀድም፣ የተጸውዖ ስም በትልቁ ፊደል እንደሚጀምር፣ «አልማዝ» ብቻዋን ስትቆም «ዘ» (the) እንደማያስፈልጋት አንባቢዬ ያውቃል ብዬ እነሳለሁ። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን ድምፃቸውን ተከትዬ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ።

ምልክት፦ «ዘ ቢዩቲፉል ባሕር ዳር»፣ «ዘ ሂስቶሪክ ጎንደር»፣ «ዘ ኤንሸንት አክሱም»

ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። የሆቴል መግቢያ ላይ፣ የጉብኝት መጽሔት ሽፋን ላይ፣ የፕሮጀክት ማመልከቻ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ አገኘዋለሁ።

ምክንያቱ አማርኛችን ነው። በአማርኛ ቅጽል የተጸውዖ ስምን ሲገልጽ ባዶውን አይቆምም። «ውብ ባሕር ዳር ጎብኚዎችን ትስባለች» አንልም፤ «ውቢቷ ባሕር ዳር» እንላለን። «ጥንታዊቷ አክሱም»፣ «ታላቁ አበበ ቢቂላ» እንላለን። ስሙ በራሱ እሙር፣ ማለትም ማን ወይም የት እንደሆነ ተለይቶ የታወቀ፣ ስለሆነ የእምርነቱ ምልክት በቅጽሉ ላይ ይወጣል፤ ያለዚያ ሐረጉ ለጆሮአችን ጎዶሎ ነው። ጸሐፊው ይህን ምልክት ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገርና «ዘ» አድርጎ ይተክለዋል። እንግሊዝኛ ግን የከተማን ወይም የአገርን ስም በቅጽል ሲያስጌጥ ምንም አይጨምርም፤ «ቢዩቲፉል ባሕር ዳር»፣ «ሂስቶሪክ ጎንደር»፣ «ሩራል ኢትዮጵያ»፣ «ሞደርን ኢትዮጵያ» ይላል። «ዘ» ሲገባበት የእንግሊዝኛ አንባቢ ጆሮ ይሰናከላል። ሌላ ውብ ያልሆነች ባሕር ዳር ያለች ይመስለዋል፤ ወይም ዓረፍተ ነገሩ እንዳላለቀ ቆጥሮ ቀሪውን ይጠብቃል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ቅጽሉን በጣታችሁ ሸፍኑና ስሙን ብቻውን አንብቡት። ብቻውን «ዘ» ከሌለው፣ ቅጽሉ ሲመለስም «ዘ» አይኖረውም። ብቻውን «ዘ» ካለው ደግሞ «ዘ» ከቅጽሉ ፊት ይቆማል፤ «ዘ ናይል» ስለምንል «ዘ ማይቲ ናይል» እንላለን። የግድ «ዘ» እፈልጋለሁ የሚል ሰው የወል ስም ያስገባ፤ «ዘ ሂስቶሪክ ሲቲ ኦፍ ጎንደር» ፍጹም ትክክል ነው፣ ምክንያቱም «ዘ» የቆመው ለ«ሲቲ» ነው።

አንድ አስጎብኚ ያመጣልኝን መጽሔት አርሜ ከከተማ ስሞች ፊት «ዘ»ን ሁሉ አወጣሁለት። ሲታተም ሁሉም ተመልሰዋል። ባለቤቱ ማተሚያ ቤት ቆሞ አንድ በአንድ አስመልሷቸዋል፤ «ያለ እሱ ባዶ ይመስላል» አለኝ። በአማርኛ ጆሮ አዎን፣ ባዶ ይመስላል። ወረቀቱን የሚያነበው ግን የአማርኛ ጆሮ ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሳርም ከእርማቱ ጋር ምክንያቱንም በአንድ አንቀጽ ጽፌ አያይዛለሁ፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው እርማቱን ይሽራልና።

ሥራውን ሁሉ ለኮምፒውተር መተርጎሚያ ሰጥተው ማንም ሳያነበው የሚያሳትሙ አሉ። ይህ በእውነት ያናድደኛል። ለወረቀቱ ጥራት፣ ለፎቶግራፉ፣ ለቀለሙ ገንዘብ ይከፈላል፤ ጽሑፉን ግን አንድ ሰው እንኳ ከዳር እስከ ዳር አያነበውም።

ጥንቃቄ፦ የሰው ስም ላይ ይህ መፈተኛ አይሠራም

ከላይ ያለውን ተምረው ደስ ያላቸው ሰዎች ወዲያው «ግሬት አበበ ቢቂላ» ብለው ይጽፋሉ። ይህም ስህተት ነው። ሰው ላይ ነገሩን የሚወስነው የቅጽሉ ዓይነት ነው። አበበን ይዘን እንሂድ፤ ለሁሉም ምሳሌ ይበቃል።

ዝናና አድናቆት የሚናገሩ ቅጽሎች «ዘ» ይፈልጋሉ፤ «ዘ ግሬት አበበ ቢቂላ»፣ «ዘ ሌጀንደሪ አበበ ቢቂላ»። እዚህ አማርኛችንና እንግሊዝኛው ስለሚገጥሙ ስህተቱ ራሱን ይደብቃል። ጸሐፊው አንዴ ተሳክቶለት ለሁሉም ቅጽል ያው ይመስለዋል።

አንጀት የሚያላውሱ ቅጽሎች፣ ማለትም የሐዘኔታ፣ የፍቅርና የቅርበት ቃላት፣ «ዘ» አይወዱም። አበበ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ ስለዚያ ሲጻፍ «ፑር አበበ» ይባላል፣ ምስኪኑ አበበ ለማለት። «ዘ ፑር አበበ» ካላችሁ ግን ድሀው አበበ ማለት ይሆናል፤ ሀብታም የሆነ ሌላ አበበ እንዳለም ያስጠረጥራል። «ዲር»፣ «ሊትል»ና «ኦልድ»ም በዚህ ወገን ናቸው። አንድ የመረዳጃ ማኅበር ለለጋሾች በላከው ደብዳቤ ስለ አንዲት ታማሚ ሕፃን «ዘ ፑር» ብሎ ከስሟ ፊት ጽፎ ነበር። ሊናገር የፈለገው ርኅራኄውን ነው፤ የጻፈው ግን የድህነት መለያ ነው። በልጅቷ ስም ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዲቀር እለምናለሁ።

«ያንግ» በሁለቱም በኩል ይሄዳል። «ያንግ አበበ» ወጣቱ አበበ ነው፣ ታሪኩን በቅርበት ስንተርክ። «ዘ ያንግ አበበ» የወጣትነት ዘመኑን ከኋለኛው ሕይወቱ ለይቶ ያሳያል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የምትፈልጉትን ምረጡ።

ምልክት፦ «ዘ ቤርፉት አበበ ቢቂላ ወን ዘ ማራቶን»

እ.ኤ.አ. በ1960 አበበ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። እንግሊዝኛ ይህን የሚጽፈው በ«ኧ» (a) ጀምሮ «ኧ ቤርፉት አበበ ቢቂላ» ብሎ ነው። ጀማሪዎች ይህን ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ አንድ ሰው እንዴት «ኧ» ይቀበላል ይላሉ። የሚቀበለው ቅጽሉ በዚያች ሰዓት ያለበትን ሁኔታ ሲናገር ነው፤ ባዶ እግር፣ ድካም፣ ፈገግታ፣ ቁጣ። አንዱ አበበ በተለያየ ሰዓት በተለያየ ሁኔታ ይታያል፤ «ኧ» ከእነዚያ አንዱን ይዞ ያቀርባል። የስፖርት ዘጋቢ ይህን ካልለመደ ዜናው ሁልጊዜ የተተረጎመ ይመስላል። ቅጽሉ በአናባቢ ድምፅ ከጀመረ «አን» እንደሚሆን አትርሱ፤ «አን ኤግዞስትድ አበበ»።

አሁን ወደ ቶኪዮ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1964 አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጫማ አድርጎ ሮጠና ደገመው። ሁለቱን ድሎች ስናነጻጽር «ዘ ቤርፉት አበበ ኦፍ ሮም» ማለት ይገባል፤ የሮሙን አበበ ከቶኪዮው እየለየን ነውና። ከስሙ በኋላ «ኦፍ» ብሎ ዘመን ወይም ቦታ የሚለይ ሐረግ ከመጣ «ዘ» በሙሉ መብቱ ይገባል። ለአገርም ያው ነው፤ «ዘ ኢትዮጵያ ኦፍ ዘ ናይንቲን ሲክስቲስ» ትክክል ነው።

«ኧ» እና «ዘ» የሚለያዩበት ሌላ አደገኛ ቦታ ንግግርና የፕሮጀክት ሰነድ ነው። ገና የምንመኛትን አገር ስንጠራ «ኧ ፒስፉል ኢትዮጵያ»፣ «ኧ ኒው ኢትዮጵያ» እንላለን። «ዘ ኒው ኢትዮጵያ» ካልን ግን አዲሲቱ ኢትዮጵያ አሁን አለች፣ አንባቢም የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል ማለታችን ነው። ይህ የፖለቲካ አቋም ነው። አቋሙ ያላቸው ሰዎች አውቀው ይጻፉት፤ የሌላቸው ግን በአንዲት ቃል ሳያውቁ እንዳይገቡበት።

ምልክት፦ «ሌት አቶ እገሌ»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ወረቀቱ የሐዘን ነውና። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በቀብር ዕለት በሁለት ቋንቋ የሚያሳትሙት የሕይወት ታሪክ ላይ «ሌት» ያለ «ዘ» ደጋግሞ ይገባል። ሟቹን ለማለት «ዘ ሌት» ነው፤ ሌላ አማራጭ የለም። ያንን ወረቀት የልጅ ልጆች ያስቀምጡታል፣ እነሱ ደግሞ የሚያነቡት እንግሊዝኛውን ነው። ከማተማችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ሰው ያንብበው።

«ሌት» በቅርብ ላለፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ያረፉትን አፄ ቴዎድሮስን «ዘ ሌት» ማለት አያስፈልግም።

ከዚህም የከፋ አለ። «የቀድሞው» ለማለት «ሌት» የሚጽፉ አሉ። አንዲት ተማሪ ለነፃ ትምህርት ባዘጋጀችው ማመልከቻ የቀድሞ አማካሪዋ የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚልኩ ስትገልጽ «ማይ ሌት አድቫይዘር» ብላ ነበር። ሰውየው በሕይወት አሉ፤ ጽሑፉ ግን ሟች ደብዳቤ ይልካሉ ይላል። ሳይላክ ደረስንበት። የቀድሞ «ፎርመር» ነው። ማዕረግ ከስም ጋር ከተጣበቀ ደግሞ በጋዜጣ አጻጻፍ «ዘ» ይወድቃል፤ «ፎርመር ፕሬዚደንት» ተብሎ ስሙ ይከተላል። ስለ ሕያው ሰው ስትጽፉ «ሌት» የሚለውን ቃል በሰነዱ ውስጥ ሁሉ ፈልጉ። ሁለቴ ፈልጉ።

ሌሎች፣ በአጭሩ

«ከጉዞው የደከመችው አልማዝ» እንዳለ ሲገለበጥ ረጅሙ ገላጭ ሁሉ ከስሙ ፊት ይከመራል። አማርኛ ይሸከመዋል፣ እንግሊዝኛ አይሸከምም። ከአንድ ወይም ከሁለት ቃል የረዘመውን ገላጭ ከስሙ በኋላ በሁለት ኮማ መካከል አስገቡት፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩን በእሱ ጀምራችሁ በኮማ ለዩት።

«ኖርዘርን ኢትዮጵያ» ሲሉ ቅጽሉ በትንሹ ፊደል ነው፤ አቅጣጫ እንጂ ስም አይደለምና። «ሳውዝ ሱዳን» ግን የአገር ስም ስለሆነ ሁለቱም በትልቁ ይጀምራሉ።

«ዳግማዊ ምኒልክ»ን «ሰከንድ ምኒልክ» ያለ ተርጓሚ ገጥሞኛል። በእንግሊዝኛ የነገሥታት ቁጥርም ሆነ የጸና ቅጽል ከስሙ በኋላ «ዘ» ይዞ ይመጣል፤ «ምኒልክ ዘ ሰከንድ»፣ «አሌክሳንደር ዘ ግሬት»። ቁጥሩ በጽሑፍ ላይ በሮማ አኃዝ ብቻ ይቀመጣል፤ «ዘ» የሚሰማው ሲነበብ ነው፣ አይጻፍም።