ባልና ሚስት ስናስታርቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ወሎ ለዕርቅ ሰው አያጣም። አበጋሩ (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ)፣ ሸኹ፣ የንስሐ አባቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አለ። ባልና ሚስት ተኮራረፉ ሲባል ቡና ተፈልቶ ሰው ይሰበሰባል። ይህን ወጋችንን እወደዋለሁ። ስለምወደውም ነው ስህተቶቻችንን የምጽፈው።

ሳይሰሙ ማስታረቅ። የሁሉም ትልቁ ይሄ ነው። ደሴ ውስጥ ጎረቤቶቼ ተጣልተው ተጠራን። አቦሉ እንኳ ሳይቀዳ «በሉ አብሽሩ፣ ሰይጣን ነው» ብለን አሳሳምናቸው። ሚስትየው ስኒዋን ይዛ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ትፈትጋለች። ቡናው እጇ ላይ ቀዘቀዘ። አየኋት፣ ግን ምን ሆንሽ አላልኳትም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ልብሷን ጠቅልላ ሐይቅ ከተማ እናቷ ቤት ገባች። ሄጄ ሳነጋግራት ባሏ ለወንድሙ ብር አበድሯል። «ብሩ አይደለም እትዬ፣ ከሰው አፍ መስማቴ ነው» አለችኝ። እኛ ይህን ሳናውቅ ነበር የመረቅናቸው!

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ለየብቻ አነጋግራለሁ። ቀጥሎ አብረው ይቀመጣሉ። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው የሰማውን መልሶ ይናገራል። መልስ መስጠት ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜ ይፈጃል፣ ይፍጅ።

በንዴት መሃል ማነጋገር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ጥንዶች ሲጨቃጨቁ የልብ ምታቸውን እየለካ አጥንቷል። ሰው በጣም ሲቆጣ ማዳመጥ ያቅተዋል፤ ለመብረድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለዚህ ይበቃል። እስከዚያ ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ እናውራ።

ንቀትን በቀልድ ማለፍ። ባል «እሷ ደግሞ ምን ታውቃለች» ሲል አብረን ከሳቅን እኛም ሰደብናት። ጎትማን ከፍቺ ምልክቶች ሁሉ ንቀትን ያስቀድማል። እኔ እዚያው ላይ አስቆማለሁ።

ዱላን እንደ ተራ ጠብ ማየት። እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር ልናገር። «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» የሚል ሽማግሌ አደጋ ላይ ይጥላታል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ጠቅሶ ያስቀጣል። ከተመታች መጀመሪያ ደህና ቦታ ትረፍ፣ ትታከም፣ ፖሊስ ይወቅ።

ገመና ማውጣት። የሰማነው እዚያው ይቅር። ለእህትም፣ ለጓደኛም አይነገር።

አስታርቆ መጥፋት። በ15 ቀኑ ተመልሼ «የተስማማችሁበት እንዴት ሆነ?» እላለሁ። ከሐይቅ የተመለሰችው ጎረቤቴ ጋ ስሄድ፣ ባሏ ለሰው ብር ሲሰጥ አስቀድሞ ሊነግራት ተስማምቶ ነበር። አንዴ ሳይነግራት እንደሰጠ አጫወተችኝ። እሱንም ጠራነው፤ ጀበናው ተጥዶ ነገሩን እንደገና አነሳነው።