ነርስ ሆኖ ለማስተርስ ማመልከት፦ ከወረቀቱ ጀምሩ

ሐዋሳ ውስጥ ናይት የገቡ ነርሶች ትንሽ ፋታ ካገኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ ማስተርስ ላይ ያርፋል። ሁሉም የሚፈራው ፈተናውን ነው። እኔ ግን ብዙ ሰው ሲቀር ያየሁት በፈተና ሳይሆን በወረቀት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ፤ መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ፈተና።

1. ኦፊሻል ትራንስክሪፕት

ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ። ማስታወቂያው ወጥቶ እስኪዘጋ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የትምህርት ውጤት ማስረጃው፣ ደግሞ የእናንተን ጥድፊያ አያውቅም።

እጃችሁ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጠው የውጤት ቅጂ) ለማመልከት ይበቃ ይሆናል። ተቀብለው ለመመዝገብ ግን የሚፈልጉት ኦፊሻሉን ነው። ይህም የተማራችሁበት ተቋም ሬጅስትራር አሽጎና ማኅተም አድርጎበት፣ በቀጥታ ወደሚቀበላችሁ ዩኒቨርሲቲ የሚልከው ነው። ፖስታውን ከፍታችሁ ካያችሁት አለቀለት። ጎንደር ወይም ጅማ ተምሮ ሐዋሳ ለሚሠራ ሰው ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ አንዲት ፊርማ ጎድላ አገር አቋርጦ መመለስ አለ።

ከመነሳታችሁ በፊት ሬጅስትራሩ ጋ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ። ክፍያው በየትኛው ባንክ ነው? ሰው ወክዬ ማስጨረስ እችላለሁ? ከቻልኩስ የእጅ ጽሑፍ ይበቃል ወይስ ሕጋዊ ውክልና? ስልክ ካላነሱ እዚያ ከተማ የቀረ የክፍል ጓደኛ ፈልጉ። እንዲህ ዓይነት ጓደኛ ከየትኛውም የቴሌግራም ቻናል ይበልጣል።

ቀጥሎ ኮስት ሸሪንግ አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ግዴታ ፈርሟል። አብዛኞቻችን ከደመወዛችን ሲቆረጥ ስለኖረ አልቋል ብለን እናስባለን። መቆረጡ ሌላ፣ መቆረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ መያዝ ሌላ ነው። መጀመሪያ የመሥሪያ ቤታችሁ ፋይናንስ ምን ያህል እንደተቆረጠ ይጻፍላችሁ። እሱን ይዛችሁ ወደ ገቢዎች ሂዱ። መሥሪያ ቤት የቀየራችሁ ከሆነ ከቀድሞውም ማጻፍ አይቀርም። ይህ ብቻውን ሳምንታት ሊበላ ይችላል።

አድራሻው ላይም ተጠንቀቁ። አንድ የዋርድ ባልደረባዬ ገንዘቡን ከፍሎ፣ «ተልኳል» ተብሎ፣ ደረሰኙን ይዞ ተረጋግቶ ተቀመጠ። ፖስታው ላይ የተጻፈው ግን የዩኒቨርሲቲው ስም ብቻ ነበር፤ ለየትኛው ክፍል እንደሆነ አልተጠቀሰም። ፖስታው መዝገብ ቤት ተቀምጦ ምዝገባው አለፈ። እሱም አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቀ። ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ሬጅስትራር መሆኑ፣ ካምፓሱና የምታመለክቱበት የትምህርት ክፍል ሳይቀር ይጻፍ። በፈጣን መልእክት ከተላከ የመላኪያ ቁጥሩን ፎቶ አንሱት። ከዚያ ተቀባዩ ቢሮ ሄዳችሁ መድረሱን ጠይቁ። «ይደርሳል» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

እግረ መንገዳችሁን ስማችሁን አመሳክሩ። ዲግሪው፣ የሙያ ፈቃዱና ፋይዳው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስም በእያንዳንዱ ፊደል አንድ መሆን አለበት። የአያት ስም ላይ ብዙ ጊዜ ችግር አይጠፋም። ልዩነት ካለ ዲግሪውን ከመነካካት በዲግሪው መሠረት ፋይዳውን ማስተካከል ይቀላል ባይ ነኝ።

2. መስኩን ከስፖንሰሩ ጋር አብራችሁ ምረጡ

በግላችሁ ከፍላችሁ የምትማሩ ከሆነ የወደዳችሁትን ምረጡ፤ ይህን ክፍል እለፉት።

በስፖንሰር ከሆነ ግን ደብዳቤውን የሚጽፍላችሁ መሥሪያ ቤት የሚፈልገው መስክ አለ። ኤንአይሲዩ (የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል) የሚያስፋፋ ሆስፒታል የኒዮናታል ነርስ ይፈልጋል። እናንተ ሳይካትሪ ካላችሁ ደብዳቤው ይጓተታል። አዳልት ሄልዝ፣ ፔዲያትሪክ፣ ኢመርጀንሲና ክሪቲካል ኬር፣ ኮሙኒቲ ሄልዝ እያሉ መስኮቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ግን ሁሉንም አይሰጥም። ከሜትሮኗ፣ ከነርሶች ኃላፊዋ፣ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። «ሲስተር፣ በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉ በየትኛው ሙያ ሰው ይፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ደግሞም ሳትፈርሙ በፊት የጠየቃችሁት ስለሆነ ትወድላችኋለች።

ስፖንሰር ማለት ውል ማለት ነው። ተምራችሁ ስትመለሱ ለተወሰነ ጊዜ ታገለግላላችሁ፤ ዋስም ትጠራላችሁ። ዋስ የሚሆናችሁን ሰው ቀድማችሁ አስቡ። በመጨረሻዋ ሳምንት ዋስ ፍለጋ መዞር ያሳፍራል።

3. ቀሪው ፋይል

ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የታደሰ የሙያ ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ፣ የድጋፍ ደብዳቤ። በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የመውጫ ፈተና የወሰዳችሁ ውጤቱንም ጨምሩ። ሁሉንም በስልክ ስካን አድርጋችሁ ለየብቻው በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ስልክ ይበቃል፤ ብርሃን ያለበት መስኮት አጠገብ አንሱት፣ ጥላችሁ ወረቀቱ ላይ እንዳያርፍ።

ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ልጁ በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ እንዲመዘግባችሁ ግን አትፍቀዱ። በኋላ የማረጋገጫ ኮዱ የሚገባው እሱ ስልክ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ያን ቀን ቤተሰብ ጥየቃ ይርጋለም ሄዷል።

4. ጋት

ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለድኅረ ምረቃ የሚያመለክት ሰው ጋት የሚባለውን ብሔራዊ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት። የሚያስተዳድረው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ፈተናው በኮምፒውተር ይሰጣል። አንዳንድ የትምህርት ክፍል የራሱን ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊጨምር ይችላል፤ ጠይቁ።

የነርሲንግ መጽሐፋችሁን አስቀምጡት። የሚጠየቀው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ነገር የማገናዘብ ችሎታ ነው። ሒሳብ ረሳሁ የሚል ነርስ አይገባኝም። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ስትባሉ፣ የግሉኮስ ማስገቢያ ቱቦው (ሴቱ) በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ብላችሁ በቁማችሁ ትመልሱ የለ? የሬሾ ጥያቄ ያው ነው። የሚጎዳን ፍጥነት ነው። ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ። ሽያጭ ላይ ያለውን «የወጣ ፈተና» አልመክርም፤ መልሶቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ስህተት ናቸው።

የፈተናው ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ከሆነ ቀኑም ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ስታዩት ወዲያው ወደ እኛ ለውጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የዋዜማውን ናይት ደግሞ ከሰው ጋር ተቀያየሩ። አዳሩን ቆሞ ያደረ ሰው ጠዋት ስክሪን ላይ ፊደል ይደራረብበታል።

5. ጥበቃው

ውጤት እስኪወጣ ሥራ አትልቀቁ። «ገብቻለሁ» እያላችሁም አታውሩ፤ ተተኪ መፈለግ ይጀመርና መካከል ላይ ትቀራላችሁ። የቴሌግራም ስክሪንሾት ሁሉ እውነት አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ወይም ሬጅስትራሩ ሰሌዳ ላይ ካላያችሁት አልወጣም። «ስምህን ላስገባልህ» እያለ የሚደውል ደላላ ከመጣ ስልኩን ዝጉት።

በዚህ ጊዜ የሚሠራ ሥራ አለ። ለትምህርት ፈቃድ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ከሰው ሀብት ጠይቁ። የምትሄዱት አዲስ አበባ ከሆነ የቤት ኪራይ ወሬ ከወዲሁ ስሙ፤ የሐዋሳ ሂሳብ እዚያ አይሠራም።

ተጠባባቂ ከተባላችሁ ስንተኛ እንደሆናችሁ ጠይቁ። ያለፉት ሰዎች በምዝገባው ቀን ካልመጡ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ ግን ማንም ቤታችሁ ድረስ መጥቶ አይጠራችሁም። ምዝገባው በሚያበቃበት ቀን ኦርጅናል ሰነዶቻችሁን፣ የስፖንሰር ደብዳቤውንና ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ በአካል እዚያው ተገኙ። ስልካችሁም ክፍት ይሁን።