የእድርን ማኅበራዊ መዋቅር በወረቀት ላይ እንዴት ማውጣት ይቻላል?

ማኅበራዊ መዋቅር፣ ማለትም ሰዎችን የሚያያይዙት ስፍራዎች፣ ግንኙነቶችና ደንቦች፣ በዓይን አይታይም። የሚታየው ሰው ነው፤ ሲነሳ፣ ሲቀመጥ፣ ሲከፍል፣ ሲቀጣ። ይህን እያዩ መዋቅሩን ለማውጣት ለጀማሪ ከእድር የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። እድር መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ኮሚቴ አለው፣ ቅጣት አለው፤ አባላቱም በወር አንድ ቀን አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ከዚህ በታች ያለውን ሥራ አንድ ተማሪ ሳይቸኩል በሁለት ወር ይጨርሰዋል።

የሚመርጡት እድር ከ60 እስከ 120 አባወራ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ሁሉም ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ከበዛ ደግሞ ለአንድ ሰው አይያዝም። የወላጆችዎን እድር ግን ይተዉት። እዚያ «የእንትና ልጅ» ነዎት፤ ሰው የሚነግርዎ ለልጅ የሚነገረውን ነው፣ እርስዎም የለመዱትን ነገር አያዩትም። ፈቃዱን ከሰብሳቢው ይጠይቁ፤ በሰብሳቢው ፈቃድ ብቻ ግን አይጀምሩ፣ በስብሰባ ላይ ለአባላቱ ይነገር። «ሒሳባችንን ሊመረምር የመጣ ነው» የሚል ወሬ አንዴ ከተነሳ ሥራው አለቀ።

ስፍራና ሚና

አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉ፦ ስፍራው፣ ከባለ ስፍራው የሚጠበቀው (ሚናው)፣ ስፍራው የሚገኝበት መንገድ። ከዚያ ሰብሳቢውን፣ ጸሐፊውን፣ ገንዘብ ያዡን፣ ንብረት ያዡን፣ ጥሩንባ ነፊውን፣ ድንኳን የሚተክሉትን ተረኞች አንድ በአንድ ያስገቡ። መለያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሰውየው ነገ ቢለቅ ስፍራው ይቀራል ወይ? ጥሩንባ ነፊው ቢታመም ሌላ ሰው ይተካል፤ ስለዚህ ጥሩንባ ነፊነት የመዋቅሩ አካል ነው። በለቅሶ ቤት ጨዋታ አዋቂው ሰው ሲቀር ግን ተተኪ የሚሾም የለም፤ ያ ጠባይ ነው እንጂ ስፍራ አይደለም።

በብዙ የአማርኛ መማሪያ ላይ ስፍራን (በእንግሊዝኛ status የሚባለውን) «ደረጃ» ብለው ይተረጉሙታል። እኛ አንመክርም። ደረጃ ሲባል ወዲያው ከፍና ዝቅ ይታሰባል፤ ተረኛነት ግን ከአባልነት ከፍም ዝቅም አይልም፣ ስፍራ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዓምድ የአሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት የራልፍ ሊንተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 በውልደት የሚገኘውን ስፍራ በጥረት ከሚገኘው የለየው እሱ ነው። ጸሐፊነት በምርጫ ይገኛል፤ ሽማግሌ ተብሎ መታየት በዕድሜ ይመጣል። እዚህ ላይ ሴቶቹን በጥንቃቄ ይዩ። በብዙ እድር የሚመዘገበው አባወራው ስለሆነ የሚስት ስፍራ በባሏ በኩል የመጣ ነው። ባል ሲሞት መዝገቡ በማን ስም እንደሚዞር፣ ስብሰባም ማን እንደሚቀመጥ ይጠይቁ። በዚያች አንዲት ጥያቄ ብዙ ይገለጣል።

ሚናዎች ሲጋጩም ይመዝግቡ። የገንዘብ ያዡ እህት የሦስት ወር መዋጮ አልከፈለችም እንበል። እንደ ገንዘብ ያዥ ስሟን ማንበብ አለበት፤ እንደ ወንድም ገበናዋን መሸፈን አለበት። ይህ በሁለት ስፍራዎች መካከል ያለ የሚና ግጭት ነው። ሰብሳቢው ደንብ አስከባሪም አስታራቂም መሆን ሲያቅተው ግን ጭንቁ በአንድ ስፍራ ውስጥ ነው፤ የሚና ጫና ይባላል። ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት ሁለቱን በማደባለቅ ነው።

ቡድን የቱ ነው?

ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆሙ 40 ሰዎች ቡድን አይደሉም፤ ቦታ አገናኝቷቸው ታክሲው ሲመጣ ይበተናሉ። የከተማው ጡረተኞች ሁሉም ቡድን አይደሉም፤ የሚጋሩት መለያ ብቻ ነው። ቡድን ለመባል የእርስ በርስ ግንኙነትና «እኛ» የሚል ስሜት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ቻርልስ ኩሊ እ.ኤ.አ. በ1909 ቤተሰብን፣ የልጅነት ጓደኞችንና ጎረቤትን ቀዳሚ ቡድን ብሎ ጠራቸው፤ ለአንድ ዓላማ በደንብ የተቋቋመው ሁለተኛ ደረጃ ቡድን ነው። እድር በወረቀት ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ውስጡ ግን በቀዳሚ ቡድኖች የተሞላ ነው። የእርስዎ ሥራ እነሱን ማግኘት ነው።

መቶ አባላት ካሉ ሊኖሩ የሚችሉት ጥንድ ግንኙነቶች 4,950 ናቸው (100 በ99 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል)። ሁሉንም መከተል አይቻልም። ስለዚህ ለ25 ሰዎች አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርቡ፦ «ሌሊት ድንገት ችግር ቢመጣ የማንን በር ያንኳኳሉ?» እስከ ሦስት ስም ይቀበሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ክብ፣ ለእያንዳንዱ መልስ ቀስት ይሳሉ፤ ቀስቱ ከመላሹ ወደ ተጠራው ይሂድ። በክቡ ውስጥ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፉ፤ የስሙን ዝርዝር ለብቻው ደብተር ላይ ይያዙት። ይህን ስዕል የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጃኮብ ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው ያስተዋወቀው።

ከዚያ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ብዙ ቀስት የሚገባበት ክብ፣ ሁለት የክብ ስብስቦችን ብቻውን የሚያገናኝ ክብ፣ አንድም ቀስት የማይገባበት ክብ። «ማንን ይወዳሉ?» ብለው እንዳይጠይቁ። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያገኙት መልስ ይሉኝታ ነው፤ በር ማንኳኳት ግን የታወቀ ድርጊት ስለሆነ ሰው አስቦ ይመልሳል።

«ኖር!»ን መቁጠር

መስተጋብርን ለማጥናት ከወርኃዊው ስብሰባ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በሩን ከሚያይ ወንበር ላይ ይቀመጡ። አንድ አዛውንት ሲገቡ ተቀማጩ «ኖር!» ይላል፤ እሳቸውም «በእግዜር» እያሉ ያልፋሉ። ልብ የሚባለው ማን ምን ያህል እንደተነሳ ነው። አንዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አንዱ ከወንበሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመለሳል፣ አንዱ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ይተዋል። ለሙሉ መነሳት 2፣ ለግማሹ 1፣ ላልተነሳ 0 ይስጡ። በሌላ ገጽ ማን ማንን «አንተ»፣ ማን ማንን «እርስዎ» ወይም «አንቱ» እንደሚል ይመዝግቡ። 20 ሰው ከገባ በኋላ ቁጥሩን ከኮሚቴው ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። ለሰብሳቢው ግማሽ ተነስቶ፣ ምንም ሹመት ለሌላቸው አንድ አዛውንት ቤቱ ሁሉ ከቆመ፣ በመዝገብ ያልተጻፈ ክብር አግኝተዋል ማለት ነው።

ለቅሶ ቤት ከገቡ ደግሞ የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ኧርቪንግ ጎፍማን የመድረክ ፊትና የመድረክ ጀርባ ያለውን ያስታውሱ። ድንኳኑ ውስጥ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ፊት ይከብዳል። ድስቱ የተጣደበት ጓሮ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ሽንኩርት እየተከተፈ ስለ ኮሚቴው በስብሰባ የማይነገረው ይነገራል። ሁለቱንም ካላዩ ግማሹን ብቻ አይተዋል።

ደንብን በቅጣቱ ማወቅ

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዊልያም ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1906 ተራውን ወግ ጥሰቱ እንደ ነውር ከሚቆጠረው ለየ። የቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ሰው ሲጥሰው የሚደርስበትን ይከተሉ። ሳቅ ወይም ተረብ ከሆነ ወግ ነው። ፊት መንሳትና ሐሜት ከሆነ ነውር ነው። ደረሰኝ የሚቆረጥለት የብር ቅጣት ከሆነ የተጻፈ ደንብ ነው።

የተጻፈው ሁልጊዜ ከባዱ አይደለም። ተረኛ ሆኖ ድንኳን ሳይተክል የቀረ ሰው ቅጣቱን ይከፍላል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ቅጣቱን ሁሉ በሰዓቱ እየከፈለ ለቅሶ የማይደርስ ሰውስ? ደንቡ በእሱ ላይ የሚለው ነገር ላይኖር ይችላል። የራሱ ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑ በደንቡ ይተከልለታል፣ ወንበሩም ይደረደራል፤ ተቀማጩ ግን ይሳሳል። እንዲህ ያለውን ያልተጻፈ ቅጣት ለማግኘት «ደንቡ ምን ይላል?» ብለው አይጠይቁ፤ «እንዲህ ያደረገ ሰው ኖሮ ያውቃል? ከዚያስ?» ይበሉ።

የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ሮበርት መርተን ግልጽ ፋይዳና ስውር ፋይዳ (የታሰበውና ያልታሰበው ጥቅም) ያለውንም በዚሁ ይጨምሩ። የእድር ግልጽ ፋይዳ መቅበርና ማጽናናት ነው፤ በዚያው አጋጣሚ የተጣላ ይታረቃል፣ ሥራ ይጠቆማል። ስውሩን ሲጽፉ በዓይንዎ ያዩትን ብቻ ይጻፉ፤ አለበለዚያ የግምት መፈንጫ ይሆናል።

ማስታወሻ አያያዝ

ድንኳን ውስጥ ደብተር አይወጣም፤ ስልክም እንዲሁ። ሐዘንተኛው ፊት የሚጽፍ ሰው ራሱ ነውር ሠርቷል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያየው ሁሉ ለእሱ የተሰናዳ ነው። ሲወጡ ቁልፍ ቃላቱን ይያዙና በዚያው ቀን ሳይተኙ በሙሉ ይጻፉት፤ ለአንድ ሰዓት ምልከታ ሁለት ሰዓት ያህል ጽሑፍ ይመድቡ። ገጹን ለሁለት ይክፈሉ፦ በግራ ያዩትና የሰሙት፣ በቀኝ የእርስዎ ትርጉም። «ተቆጥቶ ወጣ» በግራ አይገባም፤ «ንግግሩ ሳያልቅ ተነሳ፣ በሩን ሳይዘጋ ወጣ» ይገባል። በመጨረሻ የስፍራዎቹን ሠንጠረዥ ለሰብሳቢውና ለሁለት ተራ አባላት ለየብቻ ያሳዩና የሚያርሙትን ይመዝግቡ። የቀስቱን ስዕል ግን ለማንም አያሳዩ፤ በቁጥር ቢጻፍም የሰፈር ሰው ራሱን ለይቶ ያውቃል።