የሚታጠፍ ሄድፎን ስትገዙ ማጠፊያውን እዩ

ሄድፎን ልትገዙ ሱቅ ከገባችሁ፣ ድምፁን ከመስማታችሁ በፊት ደጋግማችሁ አጥፋችሁ ዘርጉት። ርካሽ የሚታጠፍ ሄድፎን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰበረው ማጠፊያው ላይ ነው። ቀጭን ፕላስቲክ ብቻ ከሆነና ሲዘረጋ የሚወላከፍ ከሆነ ተዉት፤ ውስጡ ብረት ያለው ይሻላል።

ከዚያ ራሳችሁ ላይ አድርጋችሁ አስር ደቂቃ ያህል ቆዩ። ሻጩ ፊቱን ቢያጨማድድም ግድ የለም። በመጀመሪያው ደቂቃ የማይመች የለም። ጆሮ ላይ የሚያርፉት ትንንሾቹ ቆየት ብለው ነው የሚቆረቁሩት፤ መነጽር የምታደርጉ ደግሞ ይብስባችኋል። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑት ለረጅም በረራ ይመቻሉ፤ ግን ቦርሳ ውስጥ ቦታ ይይዛሉ፣ በሙቀትም ጆሮ ያልባሉ።

ብሉቱዝ ከሆነ የገመድ ቀዳዳ እንዳለው ጠይቁ። ለምሳሌ ጄቢኤል ቲዩን 510 አምራቹ እንደሚለው በአንድ ቻርጅ እስከ 40 ሰዓት ይሠራል፤ ገመድ ግን አይቀበልም። የአውሮፕላን ወንበር ስክሪን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ገመድ ነው።

ገመድ ለማይጠላ የእኔ ምርጫ ኮስ ፖርታ ፕሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚሸጥ፣ ቀላል፣ ተጣጥፎ እጅ ውስጥ የሚገባ ነው። አንድ ችግር አለው፤ ድምፁ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው አብሯችሁ ያዳምጣል።

የትኛውንም ብትገዙ ስፖንጁ ወልቆ የሚቀየር መሆኑን እዩ። ቆዳ መሰሉ ሽፋን ውሎ አድሮ መላላጡ አይቀርም።